የመስክ ማስታወሻን በሥዕልና በእጅ ፊደል መያዝ፦ ከባሶና ወራና የተመዘገበ የሥራ ሂደት

ጥቅምት ማብቂያ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በባሶና ወራና ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ስዘዋወር የምይዘውን የመስክ ማስታወሻ ሥዕልና ጽሑፍ ወደተጣመሩበት ገጽ ለመለወጥ የጀመርኩትን ሥራ ይመዘግባል። የግብርና ባለሙያ ደብተር ምን እንደሚመስል ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የማዳበሪያ ኩንታል፣ የአርሶ አደር ስም፣ ስልክ ቁጥርና የማሳ ልኬት በአንድ ገጽ ተደባልቀው ይሰፍራሉ፤ ከወር በኋላ አንዲት ነገር ለማግኘት ጸሐፊው ራሱ ሙሉውን ማንበብ ይኖርበታል። ከዚህ ሥራ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ገጹን ገልጦ ያየ ሰው ገና ሳያነብ ጉዳዩን እንዲለይ ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው፣ ፊደል ያልቆጠረ አርሶ አደርም ደብተሩን ተቀብሎ «ይኼ ልክ ነው፤ ይኼ ግን እንዲህ አይደለም» ማለት እንዲችል ነው።

ሠዓሊ አይደለሁም፤ ለዚህ ሥራ ሠዓሊ መሆንም አያስፈልግም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ቃላትን የሳሉ ሰዎች ከጻፏቸው ሰዎች ይልቅ ብዙ ማስታወሳቸውን፣ ለአንዱ ቃል 4 ሰከንድ ብቻ ሲሰጥም ልዩነቱ አለመጥፋቱን፣ የሥዕሉ ማማርም ለውጤቱ ወሳኝ አለመሆኑን አሳይተዋል። የሚሠራው ነገሩን ለመሳል ሲባል የግድ ማሰብ ነው፤ የቆጡ እግር የት ላይ እንደቆመ ሳያስተውሉ መጻፍ ይቻላል፣ መሳል ግን አይቻልም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልተጨነቅኩም። መስመር የሌለው ወፈር ያለ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቁር ስክሪፕቶ፣ ቀይ ስክሪፕቶና አፉ ሰያፍ የሆነ ማርከር ይበቃሉ። ብርዱ ግን የራሱን ደንብ ያወጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ወቅት ማለዳ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። የስክሪፕቶ ቀለም በብርድ ስለሚወፍር ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ እኩል አታስተላልፈውም፤ መስመሩ ይቆራረጣል። እርሳስ ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ጠዋት ማሳ ላይ የሚሠራው ሁሉ በእርሳስ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስገባ የሚቀረው በቀለም ይደምቃል፣ የማይረባው በላጲስ ይጠፋል። ይህ ሁለተኛ ዙር መጀመሪያ ላይ የጊዜ ብክነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ገጹ ምን መያዝ እንዳለበት የምወስነው በዚያ ሰዓት ሆኗል።

ኅዳር መጀመሪያ

እጅን ከሥዕሉ በፊት በፊደሉ ለማፍታታት ወሰንኩ። የሥዕል ማስታወሻን የሚያስተምሩ መመሪያዎች አብዛኞቹ የላቲን ፊደልን መሠረት ስለሚያደርጉ፣ ርእሱን በትልቁ ፊደል፣ ዝርዝሩን በትንሹ ጻፍ ይላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት መልክ የለውም፤ «ሀ» በርእስም በዝርዝርም ያው «ሀ» ነው። ስለዚህ የአንድን ቃል ደረጃ ለማሳየት የሚቀሩን መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ቦታ ናቸው። የብራና ጸሐፊዎች ጉዳዩን ከጥንት ጀምረው መልስ ሰጥተውበታል፤ የክፍል መጀመሪያዎችንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ይጽፋሉ፣ የክፍሉን ራስጌ በሐረግ ያስጌጣሉ። ሐረጉን ለደብተሬ አልፈልገውም፤ ቀዩን ግን ወስጃለሁ። በእኔ ገጽ ላይ ቀይ የአዲስ ጉዳይ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ለማስጠንቀቂያም፣ ለጌጥም አይውልም፤ ሁሉም ነገር ከቀላ ቀይ ምንም አያመለክትምና።

ልምምዱን በ«ሀ ሁ» ተራ ማድረግ እጅን አያሠለጥንም፤ ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ ከ«ለ» ወደ «ሐ» ሲሄዱ የእጁ እንቅስቃሴ በየጊዜው ይለወጣል። ስለዚህ ፊደሎቹን በእግራቸው ከፋፈልኳቸው። እንደ «ተ»፣ «ቀ»፣ «ነ» ያሉት በአንድ እግር ይቆማሉ፤ «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ»፣ «ዘ»፣ «ደ» እና «አ» ሁለት እግር አላቸው፤ «ሐ»፣ «ጠ» እና «ጨ» በሦስት እግር የሚቆሙ ናቸው፤ እንደ «መ»፣ «ወ»፣ «ዐ» ያሉት ደግሞ ክብን መሠረት ያደረጉ ናቸው። እግር የሌላቸውን አስቀድሜ፣ ባለ አንድ እግሮቹን አስከትዬ፣ ባለ ሦስቶቹን መጨረሻ ላይ አደረግኩ። ባለ ሁለት እግሮቹን ጎን ለጎን ስጽፍ ልዩነታቸው ሁሉ አናታቸው ላይ እንደሆነ ታየኝ፤ «በ» ጠፍጣፋ ራስ አለው፣ «ሰ» ሹል ነው። በችኮላ ሲጻፉ ሁለቱም ክብ ራስ ይይዙና አንዱ ሌላውን ይመስላል። ስለዚህ በፍጥነትም ቢሆን የ«በ»ን ማዕዘን ማጠፍ የማልለቀው ልማድ እንዲሆን አደረግኩ።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ቅጥያዎቹ ናቸው። የካዕብ ሰረዝ ከወገብ ላይ ትወጣለች፣ የሣልስ ሰረዝ ከእግር ግርጌ፤ ኃምሱ ደግሞ ግርጌው ላይ ቀለበት ይይዛል። «ቤቱ» እና «ቤቴ» የሚለዩት በዚህች ሰረዝና በዚህች ቀለበት ብቻ ነው፤ የይዞታ ጉዳይ በሚመዘገብበት ደብተር ላይ ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። በወፍራም ማርከር ትንሽ ፊደል ሲጻፍ ቀለበቱ በቀለም ይሞላና ኃምሱ ሣልስ ይመስላል። የተለያየ መጠን ሞክሬ ያገኘሁት፣ የፊደሉ ቁመት ከማርከሩ አፍ ስፋት አምስት እጥፍ በታች ሲሆን ቀለበቱ መደፈን እንደሚጀምር ነው፤ በስድስት እጥፍ በቂ አየር ያገኛል። ስለዚህ ርእስ በማርከር፣ በስድስት እጥፍ ቁመት ይጻፋል፤ ንኡስ ርእስ በስክሪፕቶ ተደርቦ ይወፍራል፤ ዝርዝሩ በነጠላ መስመር ይሆናል። ከሦስት ደረጃ በላይ አልጨመርኩም።

ቁጥሩን በተመለከተ ቀላል መፍትሔ አለ። የግእዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች አግዳሚ መስመር ስላላቸው በክብ ወይም በሳጥን ማጠር ሳያስፈልግ ከጽሑፉ ተለይተው ይታያሉ። ስለዚህ የክፍል ተራ በ፩፣ ፪፣ ፫ ይሆናል፤ ልኬት፣ ኪሎና ሄክታር ግን በ1፣ 2፣ 3 ይጻፋል። አንባቢው ተራ ቁጥርን ከመጠን ጋር የሚያምታታበት ዕድል በዚህ ይዘጋል።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ደብር የሚያስተምሩ፣ ብራና የሚጽፉ የኔታን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ደብተሬን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ሥዕሉ ይቆይህ፤ መስመርህ ተንጋዷል» አሉኝ። የኔታ ብራናቸውን የሚያሰምሩት በቀለም አይደለም። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ በወስፌ ነጥብ ይበሳሉ፤ ከዚያ ከነጥብ ወደ ነጥብ ማስመሪያ ዘርግተው በወስፌው ጫፍ ይጭራሉ። ጭረቱ ቀለም የለውም፤ ለጸሐፊው ዓይን ብቻ በጥላው ይታያል፣ ለአንባቢ ግን ጎልቶ አይወጣም።

ይህን ወደ ወረቀት ማምጣት ቀላል ነው። ቀለሙ ያለቀበት ስክሪፕቶ በማስመሪያ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲጎተት ያንኑ ጭረት ይተዋል። ወረቀቱ አይቀደድም፣ የእርሳስ መስመር ማጥፋት አይኖርም፣ ከጀርባው ባለው ገጽ ላይም ጭረቱ ጉብ ብሎ ስለሚወጣ ሁለቱ ገጾች በአንድ ጊዜ ይሰመራሉ። ቢሮ ውስጥ የሚጣል ስክሪፕቶ ሞልቷል፤ ማስመሪያዬ አድርጌዋለሁ።

የኔታ የመቃ ብዕራቸውን አፍ ሲቀርጹም ተመለከትኩ። ጫፉ ሹል አይደለም፤ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ሙሉ ስፋቱን ያሳርፋል፤ ወደ ጎን ሲሄድ በጠርዙ ብቻ ስለሚነካ ቀጭን መስመር ይሰጣል። የቁም ጽሕፈት መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን። ማርከሬን ስይዝ ሰያፉን ወደ አንድ ወገን አዘንብዬ ነበር፤ የማርከሩን አፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጌ ስይዘው እግሮቹ እኩል ወፍረው ቆሙ። «እግሩን አታስቸኩለው» አሉኝ የኔታ፤ «አናቱን አሳርፍና እግሩን ቀጥ አድርገህ አውርድ። ፊደል የሚነበበው ሲቆም ነው።» ምን እንደሚያስቸኩለኝ ያላወቁት የቀበሌ ስብሰባን ስላላዩ ነው።

ኅዳር ማብቂያ

የሥዕል መዝገበ ቃላት አዘጋጀሁ። በሥራዬ ላይ በየቀኑ የሚመላለሱትን ነገሮች፣ ማለትም ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ውርጭ፣ በሬ፣ አህያ፣ እርከን፣ ጎተራ፣ ስብሰባ፣ ገበያ፣ ብድር እያልኩ ዘረዘርኩና ለእያንዳንዱ ከነጥብ፣ ከመስመር፣ ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከአራት ማዕዘን የሚሠራ አንድ ቋሚ ምልክት ሰጠሁት። ሰው ክብ ራስና ከትከሻ ወደ ታች የሚሰፋ ጋቢ ነው፤ እጅና እግር የሚሳለው የሚሠራ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። መሶብ ሁለት ሦስት ማዕዘን በጫፋቸው ሲገናኙ ይወጣል። በሬ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሻኛውን ስጨምርበት ግን ከፈረስ ተለየ። ከመመሪያዎች የተወሰዱ ምልክቶችን አብዛኞቹን ጣልኳቸው። አምፖል «ሐሳብ» ነው ሲባል መብራት ላልገባበት ቀበሌ ምንም አይናገርም፤ ለሐሳብ የተጠቀምኩት ሰው ራሱን ሲይዝ ነው፤ እሱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

እስካሁን ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ የዘር ድንች ማከማቻ ገጽ ነው። ማከማቻው ግድግዳው በባሕር ዛፍ አጣና በሳሳ ርዝራዥ የሚሠራ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ፣ ውስጡ ቆጥ በቆጥ ላይ የተደረደረ ትንሽ ቤት ነው። ዓላማው ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይመታው በቂ ብርሃንና አየር ለዘሩ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ድንች ነጭ፣ ረዥምና በቀላሉ የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል፤ ብርሃን ያገኘው ግን አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ቡቃያ ይኖረዋል፣ ቆዳውም አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ብቻ ስይዘው ገጹ ሞልቶ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ገጹን በሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል ማከማቻው ከጎን ተቆርጦ እንደሚታይ ሆኖ ተሳለ፤ ቆጦቹ ሦስት አግዳሚ መስመሮች፣ ብርሃኑ በርዝራዡ መካከል የሚያልፉ ሰያፍ መስመሮች ናቸው። በቀኝ በኩል ሁለት ድንቾች፣ አንዱ የጨለማ፣ አንዱ የብርሃን፣ በመጠን አንድ ዓይነት ሆነው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጽሑፉ ከስድስት ቃላት አልበለጠም። ገጹን ማከማቻውን ለሠሩት እናት ዘርግቼ፣ «እትዬ፣ ይኼ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ይኼማ ቆጡ ነው» አሉ ጣታቸውን እያሳረፉ። «ይኼ ግን ምነው ድንቹ ፀጉር አበቀለ?»

ስቄ ሳበቃ የቡቃያውን መስመር ደረብኩት፤ ቀጭን መስመር ፀጉር ይሆናል፣ ግርጌው ሰፍቶ ጫፉ ደንደን ያለ አጭር ቅርጽ ግን ቡቃያ ይሆናል። እትዬ ቀጥለው የተናገሩት ግን ከሥዕል አልፎ ነበር። «ልጄ፣ ይኼን ያየች ሴት ደህና ድንች ነው ብላ ትቀቅለዋለች» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዘር ተብሎ ቆዳው አረንጓዴ እንዲሆን የተደረገ ድንች መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ አይበላም። የብርሃኑ ድንች ላይ ድስት ተስሎ በላዩ የክልከላ ምልክት (×) ተደረገበት። ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብተሩ በእጃቸው አይገባም፣ ይህም አስተያየት አይነሳም ነበር። ለተከላው የሚያስፈልገው ርቀት፣ በመደብ መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከሥር ባለ አንድ መስመር ላይ በሁለት ቀስቶች ተገለጸ።

ከገና በኋላ

ወደ ሸዋ ሮቢት ለሥራ ስወርድ በአውቶቡስ መስኮት አንድ ገጽ ሞላ። መኪና ሲናጥ ዝርዝር አይሳልም፤ ነገር ግን ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት በአንድ ሰያፍ መስመር ይገለጻል። መስመሩ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ደጋ፣ ግርጌው ላይ 1,280 ሜትር አካባቢ የሆነችው ሸዋ ሮቢት አለች፤ በመስመሩ ላይ ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከታች ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ተቀመጡ። የከፍታ ቀጠናን ለአዲስ ሠራተኛ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ሠንጠረዥ የለኝም።

የጥምቀት ሰሞን

የተፋሰስ ልማት ሥራ በመጀመሩ የቀበሌ ስብሰባ በዛ፤ ስለዚህ ሰው እየተናገረ በዚያው ፍጥነት መሳልን የምሞክርበት ጊዜ ደረሰ። በዚህ ላይ የቁም ጽሕፈቱ ልምምድ አይረዳም፤ የኔታ የከለከሉኝን ችኮላ ስብሰባው ግድ ይለኛል። የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው። ተናጋሪው ሲጀምር የጉዳዩን ስም በእርሳስ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ ምሳሌ እስኪሰጥ እጄን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ምሳሌው ሲመጣ እሱን እስላለሁ። ሁሉን ቃል ለመያዝ ከሞከርኩ ሥዕሉ ይቀራል፤ ውሳኔና ቁጥር ብቻ በጽሑፍ ይያዛል። አኅጽሮቱ የተለመደው ነው፤ ወ/ሮ፣ ሄ/ር (ሄክታር)፣ ኩ/ል (ኩንታል)፣ ኪ.ግ።

አንድ ስብሰባ ላይ ክርክሩ የሚቆፈረው አፈር ወዴት ይጣል የሚል ነበር። በተለመደው የአፈር እርከን ቦዩ ከላይ ሆኖ የወጣው አፈር ወደ ታችኛው ወገን ይከመራል፤ ፋኛ ጁ በሚባለው ደግሞ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይወረወራል፣ ቦዩ ከክምሩ በታች ይቀራል። ይህ በቃል ሲነገር «ከላይ»፣ «ከታች» እየተባለ ሰው ይጋጫል፤ አንዱ «ላይ» የሚለው ቦዩን፣ ሌላው የተራራውን አናት ነው። ተዳፋቱን አንድ ሰያፍ መስመር አድርጌ፣ ሁለት ቦይ ቆፍሬበት፣ ከአንዱ ቀስቱን ወደ ታች፣ ከሌላው ወደ ላይ አወጣሁ፤ ደብተሩ በሰዎቹ መካከል ዞረ። አንድ አዛውንት «እንግዲያው ፋኛው ድካሙ ከእኛ፣ ደለሉ ለማሳው ነው» አሉ፤ አፈርን ወደ ላይ መወርወር ጉልበት እንደሚጨርስ፣ ከክምሩ በላይ ያለው መሬት ግን ደለል እየያዘ ቶሎ ወደ ጠረጴዛማ ማሳ እንደሚለወጥ ከቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ተረድተው ነው። ንግግራቸውን ከሥዕሉ ጎን እንዳለ ጻፍኩት። ሰው በሥዕሉ ላይ የተናገረውን በራሱ ቃል ከጎኑ ማስፈር ከዚያ ወዲህ የማልዘለው ነገር ሆኗል።

በቀስት አጠቃቀም ላይ ሥርዓት ማበጀት እንደሚያስፈልግ ከዚህ ገጽ ተረዳሁ። ውሃ የሚሄድበት ሞገድ ያለው መስመር፣ አፈር የሚንቀሳቀስበት ወፍራም ቀስት፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል ቀጭን ቀስት ነው። ሦስቱ በአንድ ዓይነት ቀስት ሲሳሉ ገጹ ላይ ውሃው ከውሳኔ ጋር ይፈስሳል።

የካቲት

ለሚያዝያ ሥልጠና የሚሆን ትልቅ ወረቀት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከደብተር ወደ ግድግዳ ሲሸጋገር ሥዕሉ ቢተልቅም ቢያንስም ይለያል፤ የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። ወረቀቱን በአዳራሹ ፊት ሰቅዬ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ስመለከተው መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚያው የኃምስ ቀለበቶችና የካዕብ ሰረዞች ናቸው፤ የ«ጠ» ሦስት እግሮችም ተጠጋግተው አንድ ወፍራም እግር ይመስላሉ። ስለዚህ ለግድግዳ የሚጻፈውን ቀጠን ባለ ማርከር፣ በእግሮቹ መካከል የአንድ እግር ውፍረት የሚያህል ክፍተት ትቼ፣ ሰረዞቹን ከደብተሩ ይልቅ አስረዝሜ እጽፋለሁ። ቅርብ ሲታይ ሰረዙ የተጋነነ ይመስላል፤ ከኋላ ሲታይ ግን ልክ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ የእኔን ደብተር ይዞ እኔ ያልሄድኩበትን ጉብኝት አካሂዷል። ተመልሶ የጠየቀኝ ስለ ሁለት ምልክቶች ብቻ ነበር፤ ብድርንና ገበያን የሚለየው በቂ አልነበረም፤ ሁለቱም ላይ የብር ክብ ነበረ። ለገበያ ሚዛን፣ ለብድር ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሄዶ የሚመለስ ቀስት ሰጠሁ። የምልክቶቹ ዝርዝር ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ አዲስ ምልክት የሚጨመረው ሁለታችንም ስንስማማበት ነው።

የሚቀጥለው ገጽ የአሲዳማ አፈር ሕክምና ነው። ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ሊቀላቀል ስለሚገባው ሥዕሉ ጊዜን ማሳየት ይኖርበታል፤ ከ«ኖራ» እስከ «ዘር» ያለውን ርቀት በወር ስሞች ለመሙላት ረዥም አግዳሚ መስመር በደረቀ ስክሪፕቶ ተሰምሮ ተዘጋጅቷል።